ፍል ውሃ፣ የዱር እንስሳትና ካሜራ፦ ከየሎውስቶን እስከ አብጃታ-ሻላ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከሙያዎ ጋር የተያያዘ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ያዘጋጁልን» ሲሉኝ ርዕስ ለመምረጥ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። በአራት ኪሎው የሳይንስ ፋኩልቲ ባዮሎጂ ተምሬ ዕድሜዬን በመስክ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ካሜራ ከትከሻዬ ወርዶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምጽፈው ከምድር ሆድ ስለሚወጣው ፍል ውሃና በዙሪያው ስለሚኖሩት የዱር እንስሳት ነው፤ በተለይም እነዚህን ሁለቱን በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ።

ነገሩ ሲሰሙት የመዝናኛ ይመስላል። እንፋሎት የሚወጣበት ምንጭ፣ ሮዝ መልክ ያላቸው ወፎች፣ ፀሐይ ስትወጣ… የቀን መቁጠሪያ ላይ የምናየው ዓይነት። ግን በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ፎቶግራፍ እንደ ምስክር ቀርቧል። የእኛም አንድ ሐይቅ የቀድሞ ዳርቻው የት እንደነበረ ዛሬ ለተማሪ ለማሳየት ከፈለግን ብዙ ጊዜ የምንዞረው ወደ አሮጌ ፎቶ ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበውም አንድ ነገር ልለምናችሁ ስለፈለግሁ ነው፤ ልመናውን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ።

ያልታመነው አገር

የሎውስቶን የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ በዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ነው። ስፋቱ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በውስጡ ከ10,000 በላይ ፍል ውሃዎች፣ የእንፋሎት ቀዳዳዎች፣ የሚፈላ ጭቃ ያለባቸው ጉድጓዶችና ጋይሰሮች አሉ። ጋይሰር ማለት ከመሬት በታች የታመቀ የጋለ ውሃ በየጊዜው ወደ ሰማይ የሚወነጨፍበት ምንጭ ነው፤ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ካሉት ጋይሰሮች ግማሽ ያህሉ የሚገኙት እዚያው ነው።

ይህን አገር ነባር ነዋሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ለነጮቹ የደረሰው ግን በቆዳ ነጋዴዎችና በአዳኞች ወሬ ነው። «ውሃ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ መሬቱ ይፈላል» ብለው ሲያወሩ ሰሚው ይስቅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 አንድ የአሳሾች ቡድን አካባቢውን ዞሮ ተመለሰ፤ ከአባላቱ አንዱም በመጽሔት ጻፈ። ጽሑፉን በሥዕል እንዲያጅብ የተሰጠው ቶማስ ሞራን የሚባል ሠዓሊ ነበር። ሞራን ቦታውን በዓይኑ አላየውም፤ ከተጓዦቹ ንድፍና ቃል እየተነሳ ነበር የሣለው። እንግዲህ ሥዕሉ ምን ያህል እንደሚታመን አስቡት።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1871 በጋ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያው ፈርዲናንድ ሄይደን በመንግሥት ገንዘብ አንድ የጥናት ቡድን መርቶ ሄደ። ሄይደን ብልህ ሰው ነበር። ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቀ የ28 ዓመቱን ፎቶግራፍ አንሺ ዊሊያም ሄንሪ ጃክሰንን ይዞ ሄደ። ሞራንም አብሮ ተጓዘ፤ በዚህ ጊዜ የሣለውን በዓይኑ አይቶ ነው።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት ምን ማለት እንደነበረ ስልኩን አውጥቶ ለሚያነሳ የዛሬ ተማሪ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ፊልም ገና አልነበረም። ፎቶው የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ይወለወላል፤ ኮሎዲዮን የሚባል ሙጫ መሰል ፈሳሽ ይፈስበታል፤ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ እርጥብ እንደሆነ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ፎቶው እንደተነሳም ሳይደርቅ እየተሮጠ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ በኬሚካል ይታጠባል። በመሀል ከደረቀ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ካሜራው፣ መስታወቶቹ፣ ጠርሙሶቹና ድንኳኑ በበቅሎ ተጭነው ነበር የሚጓዙት። ገደል ላይ በቅሎዋ ብትሰናከል የአንድ ወር ሥራ አለቀ!

ጃክሰን ኋላ በጻፈው ትዝታው ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደስተኝ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ማሞዝ በሚባለው የፍል ውሃ ደረጃ ላይ ሲሠሩ የታጠቡትን መስታወቶች በዚያው በጋለው ውሃ ስላለቀለቋቸው የሚደርቁበት ጊዜ ከግማሽ በላይ አጠረላቸው። ፍል ውሃው ራሱ የራሱን ፎቶ አጠበ ማለት ነው።

ፎቶዎቹ ዋሽንግተን ደረሱ። ሕጉ ለኮንግረስ ሲቀርብ ሄይደን የጃክሰንን ፎቶዎች፣ የሞራንን ሥዕሎችና ከቦታው ያመጣቸውን ድንጋዮች ለሕግ አውጪዎቹ አሳየ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1872 ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት ፈረሙ፤ የሎውስቶንም የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1864 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ ከጫኑ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሁሉን ለፎቶ መስጠት አይገባም። ወደዚያ አቅጣጫ ሐዲድ ሊዘረጋ ያሰበው የባቡር ኩባንያ መንገደኛ ስለሚያስገኝለት ፓርኩ እንዲቋቋም አጥብቆ ይገፋ ነበር። ቢሆንም ያ አገር የተረት አገር አለመሆኑን ላላየው ሰው ያስረዳው የጃክሰን መስታወት ነው።

በዚያው በጋ እዚያው ቦታ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺም እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ቶማስ ሃይን ይባላል፤ ከጦር መሐንዲሶች ቡድን ጋር ነበር የሄደው። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቺካጎ ተመለሰ። በጥቅምት 1871 ከተማይቱን ያወደመው ታላቁ እሳት ሲነሳ መስታወቶቹን በላቸው። የተረፉት ጥቂት ህትመቶች ናቸው። ሁለቱም አንድ በጋ፣ አንድ ቦታ ለፍተዋል፤ ዛሬ ግን ስሙ የሚነሳው ሥራው የተቀመጠለት ሰው ነው።

እንስሳቱ የት ነበሩ?

የጃክሰንን የ1871 ፎቶዎች ስታዩ አንድ ነገር ይጎድላል፤ የዱር እንስሳት የሉም። ስላልነበሩ አይደለም። የዚያ ዘመን መስታወት ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለሆነ ቆሞ የማይጠብቅ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሹን ይጠፋል። የሚወነጨፈው ጋይሰር እንኳ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ነው የሚታየው። ድንጋይና ተራራ ይቆማሉ፤ ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ግን «እንዳትንቀሳቀስ» ቢሉት አይሰማም።

ሰዎችም የሉም። ይህኛው ግን የመስታወቱ ጥፋት ብቻ አልነበረም። በዚያ ተራራ የሚኖሩ፣ የተራራ በግ እያደኑ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ፓርኩ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ። ባዶ ሆኖ የተነሳው አገር ባዶ ነበር ተብሎ ተወሰደ። ፎቶ ስናይ ከጠርዙ ውጭ ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ አስፈላጊ ነው፤ ይህ ነገር በእኛም ፓርኮች ታሪክ ውስጥ ይመጣል።

እንስሳቱ በፎቶ ታሪክ የሠሩት በ1890ዎቹ ነው። ፓርክ ተብሎ ቢከለልም አዳኝን በብርቱ የሚቀጣ ሕግ አልነበረም። በመጋቢት 1894 ኤድ ሃውል የተባለ ሕገወጥ አዳኝ በበረዶ ውስጥ ባይሰኖችን ገድሎ ቆዳ ሲገፍ ተያዘ። እንደ አጋጣሚ ኤፍ. ጄይ ሄይንዝ የሚባለው የፓርኩ ፎቶግራፍ አንሺና አንድ ጋዜጠኛ በዚያው ሰሞን በክረምት ጉዞ ላይ ነበሩ። ታሪኩ በጋዜጣ ወጣ፤ የተገደሉት ባይሰኖች ፎቶም ታየ። የሕዝቡ ቁጣ ዋሽንግተን ደረሰና በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ቀን የፓርኩን እንስሳት የሚጠብቅ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ ሲመጣ እንስሶቹ አልቀው ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1902 በፓርኩ ውስጥ የቀሩት የዱር ባይሰኖች ሁለት ደርዘን ገደማ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ወደ 5,000 ይጠጋሉ።

የቀለሙ ምስጢር

በቀለም ፎቶ ዘመን የሎውስቶን ሌላ መልክ አገኘ። ግራንድ ፕሪዝማቲክ የሚባለው ከ100 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ፍል ውሃ መሀሉ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ዳር ሲሄድ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ይሆናል። ፎቶውን ያየ ሰው ቀለም የተቀባ ይመስለዋል። መሀሉ በጣም ስለሚሞቅና ጥልቅ ስለሆነ ሰማያዊ ይሆናል። ዳር ዳሩን የሚያቀልሙት ግን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት የሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው። ብርቱካናማው ካሮቲኖይድ ከሚባሉት ቀለም ሰጪ ውህዶች ይመጣል፤ ካሮትን ካሮት ያስመሰሉት መሆናቸው ነው።

ቶማስ ብሮክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ከዚሁ ፓርክ ፍል ውሃ ያገኘው ተርመስ አኳቲከስ የተባለ ባክቴሪያ ሙቀትን የሚቋቋም ኢንዛይም ሰጠን። ፒሲአር የሚባለው የዘረመል ማባዣ ዘዴ በስፋት ሥራ ላይ ሊውል የቻለው በዚህ ኢንዛይም ነው። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ ተቆፍሮ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር የየሎውስቶን ፍል ውሃ ውለታ ነበረበት። ስለዚህ ተማሪዎቼን «የፍል ውሃ ዳር ቀለም ስታዩ ዝም ብላችሁ ውብ ነው አትበሉ፤ ማን እዚህ ይኖራል ብላችሁ ጠይቁ» እላቸው ነበር።

ይህ ጥያቄ ወደ አገራችን ያመጣኛል። የፍል ውሃውን ዳር ብርቱካናማ የሚያደርገው የካሮቲኖይድ ቤተሰብ ነው ፍላሚንጎንም ሮዝ የሚያደርጋት። ፍላሚንጎ ከሶዳ ሐይቅ ውስጥ አጥልላ ከምትበላቸው ጥቃቅን ነገሮች ቀለሙን ታገኛለች። ሐይቁ ሲለወጥ ምግቧ ይለወጣል፤ ምግቧ ሲጠፋ እሷም ትሄዳለች። ይህን በዓይን ለማየት የሎውስቶን ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

አብጃታና ሻላ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በመሀላቸው የፊቄ ተራራ ቆሟል። ሻላ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በአገራችን እንደ እርሱ ጥልቅ ሐይቅ የለም። በዳርቻው ፍል ውሃ ይፈልቃል። ሰው ሕመሙን ይታጠብበታል፤ እረኞች በቆሎ ሲቀቅሉበትም አይቻለሁ። አብጃታ በተቃራኒው ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ስለዚህ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል።

በአገራችን የብሔራዊ ፓርክ ሐሳብ መልክ የያዘው ሰር ጁሊያን ሃክስሌይ የተሳተፉበት የዩኔስኮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 መጥቶ ካጠና በኋላ ነው። አዋሽና ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ታወጁ። አብጃታ-ሻላ የተቋቋመው በእኛው 1960ዎቹ ውስጥ ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከግማሽ በላዩ ውሃ ነበር። የተከለለበት ዋና ምክንያት ወፎቹ ናቸው፤ ከ400 በላይ ዝርያ ተመዝግቦበታል።

የዩኒቨርሲቲያችን ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ያስተምሩ የነበሩት ዶ/ር ኤሚል ኧርባን ከወፎች ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን ጋር ሆነው በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉትን ነጭ ፔሊካኖች አጠኑ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሞ ወጣ። ሁለቱ ያዘጋጁትን የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመው። በእኛ ጊዜ ያ መጽሐፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ በፕላስተር ተጠግኖ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

የፔሊካኖቹ ታሪክ የሁለቱን ሐይቆች ዝምድና ያሳያል። ፔሊካኖቹ የሚፈለፈሉት በሻላ ደሴት ላይ ነው፤ ጅብና ቀበሮ አይደርስባቸውም። ሻላ ግን ለእነሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ጠዋት ምድሩ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ከፍ ይሉና ዓሣ ፍለጋ ተራራውን ተሻግረው ወደ አብጃታ ይወርዳሉ። አንደኛው ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማዕድ ቤት ነበር ማለት ነው።

ማዕድ ቤቱ ግን ባዶ ሆነ። ወደ አብጃታ የሚገባው ውሃ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣ ነው። ወደ ዝዋይ በሚገቡት በመቂና በከታር ወንዞች፣ በራሱ በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ላይ መስኖ ሲስፋፋ የሚደርሰው ውሃ ቀነሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሐይቁን ውሃ እየሳበ በፀሐይ በማትነን ሶዳ አሽ የሚያመርት ሥራ ዳርቻው ላይ ተጀመረ። ድርቁም ታከለበት። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣ በል ወፎችም ተመናመኑ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከግማሽ በታች ወርዷል። በዙሪያው የነበረው የግራር ደንም ለከሰልና ለእርሻ ተመንጥሯል።

ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ደፍድፎ መሄድ አይቻልም። ከፓርኩ በፊት እዚያ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ድንበሩ ሲሰመር ብዙም አልተጠየቁም። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ፓርኮቻችን ላይ የደረሰው ውድመትም ከዚህ ቂም ጋር ይያያዛል። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬም ልጆች አሉት። ለዚህ ነው ማስረጃ የሚያስፈልገው፤ የትኛው ውሃ መቼ ቀነሰ፣ ዳርቻው በየትኛው ዓመት የት ነበር የሚለው ካልታወቀ ክርክሩ ጯሂ የሚያሸንፍበት ነው የሚሆነው።

ቀንና ቦታ

በ1978 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ክፍላችን በዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ለመስክ ትምህርት ወደ አብጃታ ወረደ። ለክፍሉ የነበረው አንድ የሩሲያ ካሜራ ዜኒት ነበር፤ ከባድ፣ ሚስማር ቢመቱበት የማይሰበር። ፊልሙ 36 ነው፤ ለ40 ተማሪ! የመስክ መምህራችን አንድ ሕግ ነበራቸው። ካሜራውን የሚይዝ ሰው ማስታወሻ ደብተርም ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆመበትን ቦታና የዞረበትን አቅጣጫ ይጽፋል። «ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ወሬ ነው» ይሉ ነበር። እኛ ያኔ ለፍላሚንጎ ልንሮጥ እንቸኩላለን፤ እሳቸው «ኮምፓሱስ?» ይላሉ።

ያን ደብተር አሁንም አለኝ። ከመንገዱ ዳር ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ቆመን የፊቄን ተራራ በስተግራ አድርገን ያነሳነው ፎቶ አለ። ውሃው ቅርብ ነው፤ ከፊት ለፊት ፔሊካኖች ይታያሉ። በ1999 ዓ.ም. ተመልሼ የተራራውን ጫፍ እያመሳከርኩ ያንን ቦታ አገኘሁት። ግራሩ ጉቶ ሆኗል። ከዚያ ተነስቼ ውሃው ጋ ለመድረስ በነጭ ሶዳ ላይ፣ በእርምጃዬ ልክ እየተሰበረ በሚያሰምጥ ቅርፊት ላይ፣ ረጅም መንገድ ሄድኩ። ከዚያው ጉቶ አጠገብ በዚያው አቅጣጫ ሁለተኛውን ፎቶ አነሳሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለተማሪ ሳሳይ ንግግር አያስፈልገኝም።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ትልቁ ምሳሌም የኛው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር፤ ጃክሰን የሎውስቶን ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ያነሱት ለወረራቸው ነው። ነገር ግን ቦታው ይታወቅ ነበርና ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ቦታዎች እየፈለጉ ደግመው አነሷቸው። ከጥናቱ ደራሲዎች መካከል የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋማችን መሥራች ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ይገኙበታል። ብዙ ሰው የሰሜኑ ምድር በዚህ ጊዜ ውስጥ ይበልጥ ተራቁቷል ብሎ ያምን ነበር። ፎቶዎቹ ግን ዛፉ ከ1868 ይልቅ መጨመሩን፣ መሬቱም በተሻለ ሁኔታ መያዙን አሳዩ። ገበሬው በእርከንና በተከላ የደከመው ድካም በወራሪ ጦር ፎቶ ተመሰከረለት። ፎቶ ሁልጊዜ መርዶ አያመጣም።

ለሚያነሱ ሁሉ

ከእናንተ መካከል ጡረታ ወጥታችሁ ካሜራ የገዛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከልምድ ጥቂት ልንገራችሁ።

እንፋሎት የሚታየው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ ድረሱ፤ ብርሃኑ ከእንፋሎቱ ኋላ ሲመጣ አንሱ። እኩለ ቀን ላይ ያው ምንጭ ተራ ኩሬ ይመስላል። የፍል ውሃው ተን ሌንስ ላይ ሲያርፍ የሟሟ ማዕድን ይዞ ነው፤ ከደረቀ በኋላ በግድ ማሸት መስታወቱን ይቧጭራል። ቶሎ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። የሶዳ ውሃ የነካውን የካሜራ ማቆሚያ እግር በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ አለበለዚያ ብረቱ ይበላል። የፍል ውሃ ዳር ደግሞ ደረቅ መሬት መስሎ ከሥሩ ባዶና የሚፈላ ሊሆን ይችላል። የሎውስቶን ውስጥ ከእንጨት መተላለፊያው መውረድ የተከለከለው ለዚህ ነው፤ የወረዱ ሰዎች ሞተዋል። በእኛ መተላለፊያ የለም፤ ስለዚህ የአካባቢውን ሰው ሳታስቀድሙ አትርገጡ።

የወፎቹ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። «ተነስተው ሲበሩ ያምራል» እየተባለ ልጆች በአምስት ብርና በአሥር ብር እየተላኩ ፍላሚንጎዎችን የሚያስደነግጡበት ጊዜ አይቻለሁ። ወፏ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የምታጠልለው በከንቱ አይደለም፤ ያለ ምክንያት ባበረራችኋት ቁጥር የበላችውን ታቃጥላለች። የሚፈለፈሉ ወፎች ከተረበሹ ጎጇቸውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። የሎውስቶን ሕግ ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር፣ ከሌሎቹ እንስሳት 23 ሜትር ራቁ ይላል፤ ድሮን ጭራሽ አይፈቀድም። ቁጥሩን መቅዳት የለብንም። እንስሳው ቀና ብሎ ካያችሁ ግን ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል።

ልመናዬ

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ያለውን ፍል ውሃና የዘንባባ ጫካውን፣ ሳላዎቹን፣ ፈንታሌን ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበር። ስላይዶቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ካርቶኖቹ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር አብረው ተጣሉ። ማንም አልከፋም ነበር፤ ምን እንደሆኑ የሚነግር ጽሑፍ አልነበረባቸውማ። ያን ስሰማ የሃይን መስታወቶች ትዝ አሉኝ። ለዚያኛው እሳት ነበረው፤ ለእኛ የቤት ለውጥ በቃን።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እንዲህ አድርጉልኝ። ወደ ሶደሬ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ አብጃታ የሄዳችሁበትን የመስክ ፎቶ ከአልበማችሁ አውጡ። ሠርግ ላይ እንደተነሳችሁት ሁሉ ተደርድራችሁ የቆማችሁበት ቢሆንም ግድ የለም፤ እኛ የምንፈልገው ከኋላችሁ ያለውን ውሃ ነው። በጀርባው ላይ በእርሳስ ቀኑን፣ ቦታውንና አብሯችሁ ያለውን ሰው ስም ጻፉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «1972 ወይም 73» ብላችሁም ጻፉ። ውጭ አገር ያላችሁ ስካን አድርጋችሁ ላኩ። በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁ ብትመጡ ማኅበሩ ቅጂ አዘጋጅቶ ለባዮሎጂና ለመሬት ሳይንስ ክፍሎች የሚያስረክብበትን መንገድ እንዲያበጅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

በሥራ ላይ ላላችሁ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። የዛሬ ተማሪ ስልክ ቀኑንና ቦታውን ራሱ ይመዘግባል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ በበረታበት ጊዜ ከአዋሽ ፓርክ በስተሰሜን ካለው ከዶፈን ተራራ እንፋሎትና አቧራ ሲፈናዳ መጀመሪያ ያየነው የአካባቢው ሰዎች በስልክ በቀረጹት ነው። መሣሪያው አለ ማለት ነው። የጎደለው በየዓመቱ ከአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ማንሳትና ያነሱትን የሚያስቀምጥ ሰው ነው። የመስክ ትምህርት ስትወጡ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የመቆሚያ ነጥብ ስጡት፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል እዚያው ይቁም። በሃያ ዓመት ውስጥ ገንዘብ የማይገዛው ማኅደር ይኖራችኋል።

የእኔን ሁለቱን የአብጃታ ፎቶዎችና የ1978ቱን ደብተር ቅጂ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቤያለሁ። የሁለቱ መቆሚያ ነጥብ፣ የኮምፓሱ ንባብና የመንገዱ ምልክት ተጽፎበታል። ሦስተኛውን ፎቶ ከመካከላችሁ ጉልበቱ ያለው ሄዶ ያንሳልኝ፤ ጉቶው ቢጠፋ እንኳ ፊቄ አይጠፋም። በደህና ያገናኘን።